የእማዬ ሳህን፤ ከደብረ ሲና እስከ መርካቶ

ይህን ጉዞ ያደረግነው በንጉሡ ዘመን፣ እኔ አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ ለክረምት ቤት በገባሁበት ጊዜ ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት በደብተሬ ጀርባ ላይ በእርሳስ ጽፌ ነበር። ደብተሩ አሁን ገጾቹ እየተላቀቁ፣ ጽሑፉም እየደበዘዘ ነው። መርካቶን ዛሬ የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው። ያን ጊዜ የነበረውን መርካቶ ግን ከእንግዲህ ማንም ተሳፍሮ አይደርስበትም። ስለዚህ ለማይሄዱት ብዬ እገለብጠዋለሁ።

በመጀመሪያ ለምን እንደሄድን ልናገር። እናቴ ወይዘሮ ብዙነሽ የላሊበላ ልጅ ነበረች። ላሊበላ ስል ከተማውን ማለቴ አይደለም። ጎህ ሳይቀድ በሰው ደጅ ቆመው የባለቤቱን ስም እየጠሩ የሚያዜሙትን፣ የሰጧቸውንም ተቀብለው መርቀው የሚሄዱትን ሰዎች ማለቴ ነው። ሰው ስለ እነሱ የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ በዘራቸው ቁምጥና አለ፣ ዜማውን የተወ ሰው በሽታው ይወጣበታል ይላል። እነሱም ራሳቸው ይህንኑ ያምኑ ነበር። እማዬ ከእናት ከአባቷ ተቀብላ ስታዜም ኖራ፣ እኔ ደብረ ብርሃን ዘጠነኛ ክፍል የገባሁ ዓመት ተወች። የተወችው እኔ ስለለመንኳት ነው። የክፍሌ ልጆች ሰምተው ነበርና።

ከዚያ በኋላ ለአውቶቡስ መንገደኛ ቆሎ መሸጥ ጀመረች። በሁለተኛው ዓመት ግራ ክንዷ ላይ፣ ከክርኗ ከፍ ብሎ፣ ሽልንግ የሚያህል ነጣ ያለ ምልክት ታየ። ቀጥሎ ሁለት ሆነ፤ ከዚያ አራት። እማዬ ምንም አላለችኝም። ነጠላዋን በክንዷ ላይ መጠቅለል ብቻ አበዛች።

በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ አንድ ፈረንጅ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዞ ደብረ ሲና መጥቶ ነበር። ያገሩ ሹም የአካባቢውን ላሊበሎች ሰብስቦ አቀረበለት። ዜማቸውን በመቅጃ መሣሪያ ቀዳ፣ ራሳቸውንም በብረት ለካ። እማዬ ትቻለሁ ብላ አልሄደችም። ፈረንጁ ሲመለስ ግን፣ ዜማውን የተወ ሰው ከተገኘ አብልጦ እንደሚፈልገው፣ አዲስ አበባ ቢመጣ በሐኪም እንደሚያስመረምረው ተናግሮ አድራሻ ትቶ ሄደ። ያ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ እኛ ቤት ደረሰ። እማዬ ሦስት ቀን ከጸሎት መጽሐፌ ሥር አስቀምጣው ቆየች። በአራተኛው ቀን፣ “እንሂድና ይለይለት” አለችኝ።

የመጀመሪያው ቀን

ደብረ ሲና ባደረ አውቶቡስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ተነሣን። የያዝነው አንድ ስልቻ ቆሎ ብቻ ነበር። እሱም ለጋሼ ሸምሱ ቤት ነው። ጋሼ ሸምሱ መርካቶ የሚሠራ ኩራዝና ምድጃ እያመጡ ገበያችን ላይ የሚሸጡ የጉራጌ ነጋዴ ናቸው። ሁልጊዜ ከእማዬ ቆሎ እየገዙ፣ አዲስ አበባ ከመጣሽ ከእኔ ቤት በቀር እንዳታርፊ ይሏት ነበር። በዚያ ሳምንት እሳቸው ራሳቸው ወደ ደሴ ሄደው ስለነበር የላኩን ወደ ባለቤታቸው ወደ እትዬ ዘይነባ ነው።

ረዳቱ ስልቻውን ፖርቶመጋላው ላይ ወርውሮ በገመድ አሰረው። ዳገቱን ስንወጣ ጉም ሸፈነን። የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ ጨለመ። ከኋላ አንድ ሰው፣ “ኪሳችሁን ያዙ፤ ሌባ እኔ ብቻ አይደለሁም” ብሎ ሁሉንም አሳቀ። በጨለማው ውስጥ እማዬ ክንዷን ስትዳስስ ተሰማኝ። ብርሃን ሲሆን እጇ ጉልበቷ ላይ ነበር።

ከደብረ ብርሃን በላይ አገሩ ሜዳ ነው። እኛ ዘንድ ዓይን ወደ ገደል ይወርዳል፤ እዚያ ግን የሚያርፍበት የለውም። ሸኖ ላይ አንዲት ወፍራም ሴት ቅቤ በቅል ይዛ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች። መንገዱ ሲያንገጫግጨን ክዳኑ ተከፍቶ ቅቤው አዲስ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ያ ቀሚስ ለሐኪሙ ቤት ብዬ የለበስኩት ነው። ሴትዮዋ አገላብጣ አየችኝና፣ “አይዞሽ፣ የመርካቶ ዝንብ በእልልታ ይቀበልሻል” አለችኝ። ይቅርታዋ ይኸው ነበር። የቀረውን ቅቤ ግን እስከ አዲስ አበባ በሁለት እጇ አቅፋ ያዘች።

አውቶቡስ ተራ የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። ደብረ ሲና አንድ አውቶቡስ ሲገባ ከተማው ሁሉ ወጥቶ ያያል። እዚህ ሃያው አንድ ላይ ቆሞ የሚዞር አንገት የለም። አንድ ኩሊ መጥቶ ስልቻችንን አየና እማዬን፣ “ምን አለሽ ተራ ነው?” ብሎ ጠየቃት። የሰፈሩ ስም መሆኑን አላወቀችም።

“ቆሎ ነው ያለኝ” አለችው።

ኩሊው ስቆ ስልቻውን ትከሻው ላይ አደረገ። ከአሮጌ ብረትና ከቆርቆሮ ዕቃ የሚሠሩበት ሰፈር ስሙ ምን አለሽ ተራ እንደሆነ፣ የእትዬ ዘይነባም ቤት እዚያው እንደሆነ በመንገድ ላይ ነገረን። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ የስልቻው አፍ ተፈታና ቆሎው ከኋላው ይንጠባጠብ ጀመር። መጀመሪያ ያየው አንድ የጨርቅ ነጋዴ ነው። የጨርቅ መለኪያ ሜትሩን ይዞ መንገዱ መካከል ቆመና አህዮቹን አስቆመ። ከግራም ከቀኝም ሰዎች ከሱቃቸው ወጥተው በመዳፋቸው እያፈሱ መለሱልን። አንዱ ሽማግሌ እፍኝ ወደ አፋቸው አድርገው፣ “ይህችኛዋ የቀረጥ ናት” አሉ። እማዬ ከቤት ከወጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

የእትዬ ዘይነባ ቤት ከአንድ ቆርቆሮ ሠሪ ሱቅ በስተኋላ ነው። መዶሻው ከጠዋት እስከ ማታ አያቋርጥም። እትዬ ዘይነባ ስማችንን እንኳ ሳይጠይቁ ውሃ አሙቀው የእማዬን እግር ሊያጥቡ ቀረቡ። እማዬ ግን እግሯን ሰብስባ ራሷ ታጠበች። ራት ሲቀርብ በአንድ ሰፊ ትሪ ላይ ቆጮ፣ ጎመንና አይብ ነበር። እትዬ ዘይነባ እኛ ክርስቲያኖች መሆናችንን አስበው ሥጋ አልሠሩም። ጎመኑንም በድስቷ የሠራችው ክርስቲያኗ ጎረቤታቸው እንደሆነች፣ ያለ ሥጋት እንድንበላ ደጋግመው ነገሩን። ቆጮ እኔም እማዬም አይተን አናውቅም ነበር። ከእንሰት የሚጋገር ነው፤ ከእኛ እንጀራ ይጠነክራል፤ ሲያኝኩት ግን ይጣፍጣል።

እማዬ እጇን ወደ ትሪው አልሰደደችም። “ሆዴን ያመኛል፤ ለብቻዬ በሳህን ጥቂት ይስጡኝ” አለች።

እትዬ ዘይነባ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ነጭ የብረት ሳህን አምጥተው ቆርሰው ሰጧት። ፊታቸው ግን ተለወጠ። እማዬ በልታ ስትጨርስ ሳህኑንና የጠጣችበትን ኩባያ ራሷ አጥባ ከዕቃቸው ለይታ በር አጠገብ አስቀመጠች። ሴትዮዋ ይህንንም አዩ። ምን እንዳሰቡ ገብቶኛል፤ የእስላም ቤት ትሪ ተጸየፈች ብለው ነው። እማዬ ደግሞ በሽታው ያለብኝ እንደሆነ ለልጆቻቸው እንዳይተላለፍ ብላ ነው። ይህን ለማስረዳት ግን የዘራችንን ነገር መናገር ያስፈልግ ነበር። 

ሁለተኛው ቀን

አድራሻው የሚገኘው ከአንድ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ነው። እትዬ ዘይነባ እስከ በሩ አድርሰውን ተመለሱ። መንገድ ላይ ብዙ አላወሩንም።

ፈረንጁ ሸበት ያለ፣ ጫማው በጣም የተወለወለ ሰው ነበር። ዜማውን የተወች ሴት መሆኗን ሲሰማ ደስ አለውና ተነሥቶ ጨበጣት። የሚያስተረጉምለት የጤና ጣቢያው ድሬሰር አቶ ተሰማ ናቸው። ፈረንጁ የዘፈንና የዘር ተመራማሪ እንደሆነ፣ የላሊበሎች ድምፅና በሽታቸው በአንድ ዘር አብረው እንደሚወርዱ እንደሚያስብ፣ ይህንን ለማረጋገጥ የሚያዜሙትንም የተዉትንም ማስተያየት እንዳለበት አስረዱን። እማዬ ሁሉንም ሰማችና፣ “ሐኪሙ የታለ?” አለች። መጀመሪያ ልኬቱ፣ ቀጥሎ ዜማው፣ ከዚያ ለሐኪሙ ደብዳቤ እጽፋለሁ አለ።

የመለኪያው ብረት የባለእጅ ጉጠት ይመስላል። ጫፍና ጫፉን በግንባሯና በማጅራቷ ላይ አድርጎ ቁጥር ይናገራል፤ አቶ ተሰማ ይጽፋሉ። አፍንጫዋን ለካ፤ ከንፈሯን ለካ። ከሣጥን ውስጥ ከነጭ እስከ ጥቁር በተራ የተደረደሩ ትንንሽ የመስታወት ቁራጮች አውጥቶ አንድ በአንድ ክንዷ ላይ እያስጠጋ አመሳሰለ። የጨርቅ ነጋዴ ክር ከጨርቅ ጋር የሚያመሳስለው እንዲሁ ነው።

እማዬ አልተንቀሳቀሰችም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ “ይህን ጉጠት የገዛው ምን አለሽ ተራ ነው?” ብላ ጠየቀች። አቶ ተሰማ አላስተረጎሙትም።

ቀጥሎ ብረቱን ይዞ ወደ እኔ ዞረ። እማዬ በመካከላችን ቆመች። “እሷ አትለካም። እሷ አንድም ቀን አላዜመችም፤ የእኔ ይበቃዋል።”

ወደ መቅጃው መሣሪያ አቀረቧት። እዚህ ላይ እማዬ ተቸገረች። ፀሐይ ከወጣ በኋላ አይዜምም። ደግሞም ዜማው የደጅ ነው፤ ስሙ የሚጠራ ባለቤት ያስፈልገዋል። የማን ደጅ ነው ብላ ጠየቀች። ፈረንጁ ስሙን ነገራት፤ ልትጠራው ብትሞክር አልሆነላትም። “እንግዲህ ጌታዬ ልበለው” አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

ሁለት ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ ነበር። መጀመሪያ ቃል የሌለውን ዜማ ረጅም ሳበችው። ቀጥሎ እንደ ወጉ አመሰገነች፤ ባሕር ተሻግሮ መምጣቱን፣ ጫማውን፣ ደብዳቤውን። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፦

ራሴን ለክቶልኝ አፍንጫዬን ለክቶ፣
ሆዴ ሳይለካ ቀረ ገመድ ጠፍቶ።

አቶ ተሰማ ሳቃቸውን ለማፈን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ፈረንጁ ምን አለች ብሎ ሲጠይቅ በእንግሊዝኛ፣ እያመሰገነችዎት ነው አሉት። ያን ያህል እንግሊዝኛ ይገባኝ ነበር።

መጨረሻ ላይ ፎቶግራፍ መጣ። ከወገቧ በላይ ልብሷን አውልቃ አንድ ጊዜ ከፊት፣ አንድ ጊዜ ከጎን እንድትነሣ ነው። እማዬ ነጠላዋን ደርባ ለበሰች። ፈረንጁ ሳይቆጣ፣ እንዲያውም በትሕትና፣ ፎቶግራፉ ከሌለ ደብዳቤው እንደማይጻፍ ነገራት።

“እንግዲህ አይጻፍልኝ” አለች እማዬ። እጅ ነሥታ ወጣች።

ግቢው መካከል ደረስን። ከደብረ ሲና ስንነሣ ተስፋ ያደረግነው በዚያ ወረቀት ነበር። አቶ ተሰማ ግን ከኋላችን በፍጥነት መጡ።

“እናቴ፣ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይምጡ። ካርድ እኔ አወጣልዎታለሁ። ሐኪሙ የሚያዩት በሽተኛ ነው እንጂ ደብዳቤ አይደለም።”

ሦስተኛው ቀን

ሐኪሙን ስናይ እማዬ ተገረመች። ፈረንጅ ነው የጠበቀችው፤ ሰውየው ግን ከእኛም ይልቅ ጠቆር ያሉ ናቸው። ያገሯን ሰው በማግኘቷ ደስ ብሏት እንዴት አደሩ፣ እንዴት ሰነበቱ፣ ቤተሰብዎ ደኅና ነው ወይ እያለች ሰላምታውን አዘነበችው። ሐኪሙ ፈገግ ብለው ዝም አሉ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ “ጥጋበኛ ነው” አለችኝ።

አቶ ተሰማ ሰምተው አስረዷት። ሐኪሙ ከባሕር ማዶ ካለ ደሴት የመጡ ናቸው፤ አያት ቅድመ አያቶቻቸው ከአፍሪካ ተይዘው በመርከብ ተወስደው የተሸጡ ናቸው፤ አማርኛ አያውቁም።

“ታዲያ የገዛ ቋንቋቸውን ማን ወሰደባቸው?” አለች።

ይህንን አስተረጎሙላቸው። ሐኪሙ አልሳቁም። እኔም ልጅ ሳለሁ ይህንኑ እጠይቅ ነበር ብለው መለሱ። ከዚያ ወንበራቸውን አቀረቡና ክንዷን ያዙ። ጓንት አላደረጉም።

ምርመራው ቀላል ነበር። ዓይኗን ጨፍና እንድትቀመጥ፣ የተነካችበትን ቦታ በጣቷ እንድታሳይ አዘዟት። መጀመሪያ በጥጥ፣ ቀጥሎ በመርፌ ጫፍ፣ ከዚያ አንዱ ሙቅ አንዱ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሁለት ጠባብ ብልቃጥ ነኳት። ምልክቱ ቁምጥና ከሆነ ሥጋው አይሰማውም። ይህን ደብረ ሲና ሳለሁ መጽሐፍ ላይ አንብቤ ነበር። እማዬ ተኝታ ሳለች በመርፌ ልሞክራት ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሁለቱንም ጊዜ መርፌውን ወደ ቦታው መልሻለሁ።

“እዚህ” አለች። “እዚህ።” “ይኸኛው ሞቃት ነው።” “እዚህ።”

አንዱንም አልሳተችም። ሐኪሙ ግን ይህ ብቻ አይበቃም ብለው ከጆሮዋ ጫፍና ከምልክቱ ላይ በስለት ጥቂት ፍቀው መስታወት ላይ ቀቡ። መልሱ ከነገ ወዲያ ነው አሉን። በግንባሯ ላይ ብረቱ የተወውን ምልክት አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ አቶ ተሰማ ነገሯቸው። እጃቸውን እየታጠቡ፣ “የአያቴንም አባት ለክተውታል። ገበያ ከማውጣታቸው በፊት” አሉ።

አራተኛው ቀን

ከጉዞው ሁሉ ረጅሙ ቀን ይህ ነው፤ የጻፍኩት ግን ግማሽ ገጽ ብቻ ነው።

ጎህ ሊቀድ ሲል በአጥሩ ማዶ የላሊበላ ዜማ ሰማን፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ናቸው። እማዬ ተነሥታ ተቀመጠች። እትዬ ዘይነባ በጨለማው ወጥተው ሳንቲም ሰጧቸው። ሲመለሱ ነቅተን ስላዩን፣ “ምስኪኖች፤ ዜማውን ከተዉ ይቆመጣሉ አሉ። አላህ ይጠብቀን” አሉ። እማዬ አሜን አለች። ቁርስም በሳህኗ ብቻዋን በላች።

ረፋድ ላይ እትዬ ዘይነባ ቅቤ የፈሰሰበትን ቀሚሴን አስወልቀው በሳሙና፣ ቀጥሎ በአመድ አሹልኝ። እድፉ እኔ ሦስት ጊዜ አጥቤ ያልለቀቀኝ ነበር፤ ለእሳቸው ለቀቀ። እስኪደርቅ በልጃቸው ቀሚስ ሱቁ በር ላይ ተቀምጬ ቆርቆሮ ሠሪው የዘይት ጣሳ ቀድዶ ኩራዝ ሲሠራ አየሁ። በየቤታችን የምናበራው ኩራዝ የዘይት ጣሳ እንደነበረ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

እትዬ ዘይነባ አጠገቤ ቆመው ቀሚሱን እያራገፉ፣ “እናትሽ እኛን ይጸየፋሉ?” አሉኝ። ድምፃቸው የተቆጣ አልነበረም።

“ሆዷን ነው፣ እትዬ” አልኩ።

“እሺ። ሆድ ነው” አሉና ገቡ። በዕድሜዬ ከተናገርኳቸው ውሸቶች ይህን ያህል ያሳፈረኝ የለም።

አምስተኛው ቀን

ጠዋት እማዬ ስትነሣ ተንገዳገደች። እትዬ ዘይነባ ይህን ሲያዩ ሥራቸውን ለጎረቤት ትተው ነጠላቸውን ደረቡ። ቂማቸውን እንደያዙ ክንዷን ደግፈው ወሰዷት። ከሐኪሙም ክፍል አብረውን ገቡ፤ ውጡ የሚላቸው ሰው አልነበረም።

ሐኪሙ ወረቀቱን አይተው በእንግሊዝኛ ተናገሩ። አቶ ተሰማ ፊታቸው ፈክቶ ወደ እማዬ ዞሩ።

“እንኳን ደስ ያለዎት እናቴ፤ ዘሩ የለብዎትም።”

እማዬ አንድ ጊዜ እሳቸውን፣ አንድ ጊዜ ሐኪሙን አየች። ሊያጽናኗት ብለው የማያውቁትን የሚናገሩ መሰላት። ተነሥታ ቆመች።

“ዘሩስ አለብኝ” አለች። “አልዋሽም። እናቴም አባቴም ላሊበሎች ናቸው። እኔም ሳዜም ኖሬ የተውኩት ሁለት ዓመቴ ነው። በሽታው የወጣብኝ እንደሆነ ይነገረኝ፤ ሰው ቤት ነው ያረፍኩት።”

 እትዬ ዘይነባን ለማየት አልደፈርኩም።

ስሕተቱ የገባኝ እኔ ነኝ፤ ሐኪሙ የተናገሩት የእንግሊዝኛ ቃል ከሳይንስ ትምህርታችን ላይ የማውቀው ስለነበረ። “እማዬ፣ የዘር ሐረግ አይደለም ያሉት” አልኳት። “የበሽታውን ፍሬ ነው፤ ጀርም የሚባለውን፤ በዓይን የማይታየውን ትንሽ ነገር። እሱ ነው የሌለብሽ።”

አቶ ተሰማ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። ሐኪሙ ነገሩ ሲተረጎምላቸው ተነሥተው ማይክሮስኮፑን አቀረቡ። በመጀመሪያ የሌላ በሽተኛ መስታወት አሳዩኝ፤ በሰማያዊ መካከል እንደ ተሰባበረ ሣር ያሉ ቀያይ ጭረቶች ነበሩ። ቀጥሎ የእማዬን አሳዩኝ። ሰማያዊ ብቻ ነው። ትምህርት ቤታችን አንድ ማይክሮስኮፕ ነበረን፤ ግን ቁልፉ ጠፍቶ ከመስታወት ቁምሳጥን ውስጥ ወጥቶ አያውቅም። በማይክሮስኮፕ ለመጀመሪያ ጊዜ ባየሁ ዕለት ያየሁት ያ ባዶ ሰማያዊ ነው። ከዚያ ወዲህም መሣሪያው ከዚያ የተሻለ ነገር አሳይቶኝ አያውቅም።

እማዬም ልይ አለች። ዓይኗን ጨምቃ ተመለከተችና፣ “ጥቁር ፀጉር አለ” አለች። የራሷ ሽፋሽፍት ነበር።

ምልክቱ ቋቁቻ ነው፤ የሚቀባ መድኃኒት ሰጧት። ሐኪሙ ቀስ ብለው አስረዱ፤ ቁምጥና በዘር ሐረግ አይወርድም፤ ከያዘም በኪኒን ይድናል፤ ማዜም አያመጣውም፣ አያስቀረውምም። እማዬ ይህን ሁሉ ስትሰማ ቆይታ አንድ ነገር ጠየቀች።

“ታዲያ ዜማው መድኃኒት ካልሆነ ምንድን ነው?”

ሐኪሙ አሰቡና አጭር ቃል መለሱ።

“ዜማ ነው ይላሉ” አሉ አቶ ተሰማ።

ስንወጣ የፈረንጁ በር ክፍት ነበር። መሣሪያው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ እሱ አልነበረም። የእማዬ ድምፅና ቁጥሮቿ ዛሬ በየትኛው አገር፣ በየትኛው ሣጥን ውስጥ እንዳሉ አላውቅም። ግጥሙን እስከ አሁን ያስተረጎመለት ሰው እንደሌለ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ወይም አለ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ አልወሰንኩም።

 እስከ ቤት እትዬ ዘይነባ የእማዬን ክንድ አልለቀቁም፤ የያዙትም ያንኑ ግራውን ነው።

ለራት ትሪው ቀረበ። እማዬ ከልምድ ሳህኗን ልታመጣ ስትነሣ እትዬ ዘይነባ ቀደሟት። ሳህኑን አንሥተው ከኋላቸው አስቀመጡት።

“እኔ እኮ እስላም ስለሆንን መስሎኝ አምስት ቀን ሆዴ ሲቆስል ሰነበተ” አሉ።

“እኔ ደግሞ ለልጆቻችሁ ፈርቼ ነው” አለች እማዬ።

“አውቄያለሁ። ሐኪም ቤት አወቅሁ።” ከቆጮው ቆርሰው በአይብ ጠቅልለው ትልቅ ጉርሻ አዘጋጁ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ እማዬን እርስዎ ነበር የሚሏት። “በይ እንግዲህ፣ ብዙነሽ፤ አፍሽን ክፈቺ። አምስት ቀን የነፈግሽኝን ላጉርስሽ።”

እማዬ ጎረሰች። ጉርሻው ትልቅ ስለነበረ ይሁን በሌላ ምክንያት፣ አፏ ውስጥ ይዛው ብዙ ቆየች። ቀጥላ የሁለት እጇን እጅጌ እስከ ላይ ሰብስባ በቀኟ ለእትዬ ዘይነባ አጎረሰች። ግራ ክንዷ ተገልጦ ነበር። ማንም አላየውም።

ስድስተኛው ቀን

አውቶቡሱ የሚነሣው ማለዳ ስለሆነ ሌሊቱ ሳይነጋ ተሰናብተን ወጣን። ቆርቆሮ ሠሪው ገና አልተነሣም ነበር፤ ምን አለሽ ተራን ዝም ብሎ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። በሩ ከኋላችን ከተዘጋ በኋላ እማዬ ጥቂት ተራመደችና ቆመች። ወደ አጥሩ ዞረች።

ምን ልታደርግ እንደሆነ አወቅሁ። ከሁለት ዓመት በፊት እኔው ነኝ ተዪው ያልኳት። ስልቻውን ይዤ አጠገቧ ቆምኩ።

ቃል የሌለውን ዜማ ረጅም ሳበችው። ቀጥሎ የጋሼ ሸምሱን ስም ጠራች፣ የእትዬ ዘይነባን ስም ጠራች፣ የልጆቻቸውን አንድ በአንድ ጠራች፤ ቆጮውን፣ የታጠበውን ቀሚስ፣ መንገድ የመራትን እጅ አመሰገነች። በየቤቱ ኩራዝ በራ። አንድ ሰው ከመስኮት አንገቱን አውጥቶ ሰማ። ፀሐዩ ወጥቶ ቢሆን ኖሮም የምታቋርጥ አይመስለኝም።

እትዬ ዘይነባ በሩን ከፍተው ወጡ። ለላሊበላ ባዶ እጅ አይወጣም። በእጃቸው ያቺ ሰማያዊ ጠርዝ ያላት ሳህን ነበረች፤ ከራት የተረፈ ቆጮ ሞልተውባታል።

“ሳህኗን እንዳትመልሽልኝ” አሉ። እማዬ ተቀብላ መረቀች።

ጣርማ በር ላይ ጉም አልነበረም። አውቶቡሱ ውስጥ ቆጮውን ለተሳፋሪው አዞረች፤ አንዳንዱ እንጨት ነው አለ፣ አንዳንዱ ደገመ። መድኃኒቱን ሁለት ወር ስትቀባ ክንዷ ጠራ። ከዚያ በኋላ ቆሎዋን አልተወችም፤ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ግን፣ ደስ ሲላት፣ ደስ ባላት ሰው ደጅ ቆማ ታዜም ነበር። እኔ በኋላ ሕፃናት ሳስተምር ጀርም የሚለውን ቃል ዘር ብዬ ተርጉሜ አላውቅም።

ሳህኗ አሁንም አለችኝ። ጠርዟ ሁለት ቦታ ተልጧል። እንግዳ ሲመጣ ቆሎ የማቀርበው በእሷ ነው፤ ሁላችንም ከእሷ እንዘግናለን።